ዕድልና የሰው ፈቃድ በኤዲፐስ ታሪክ

ብዙ ሰዎች የኤዲፐስን ታሪክ ሲሰሙ «ከአርባ ቀን ዕድሉ ማን ያመልጣል?» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም።

የግሪኩ ደራሲ ሶፎክልስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ቴአትር እንደምናገኘው፥ ኤዲፐስ አባቱን እንደሚገድልና እናቱን እንደሚያገባ በዴልፊ በአፖሎ ቤተ መቅደስ ተነገረው። ስለዚህ ወላጆቹ የመሰሉትን የቆሮንቶስን ንጉሥና ንግሥት ትቶ ሸሸ። ነገር ግን ሽሽቱ ራሱ ወደ ትንቢቱ አደረሰው። በመንገድ መገናኛ ላይ በተነሣ ጠብ የማያውቀውን ሽማግሌ ገደለ፤ ሟቹም አባቱ ላዮስ ነበረ። ከዚያም በቴቤስ ነግሦ ሳያውቅ እናቱን ዮካስታን አገባ።

እስከዚህ ድረስ ትንቢቱ አሸነፈ እንበል። ሆኖም «አባትህን ትገድላለህ» የተባለ ሰው በሽማግሌ ላይ በቁጣ እጁን ማንሣት ይገባው ነበርን? ቁጣው የራሱ ነበረ።

ከዚህም ይልቅ የሚደንቀው ፍጻሜው ነው። በቴቤስ ቸነፈር በገባ ጊዜ ኤዲፐስ የላዮስን ገዳይ ይፈልግ ጀመር፤ ገዳዩም ከአገር እንዲባረር ዐወጀ። ዮካስታ እውነቱን ቀድማ ስለ ተረዳች ምርመራውን እንዲተው ለመነችው፤ እርሱ ግን እምቢ አለ። ነገሩ በተገለጠ ጊዜም ዓይኖቹን በገዛ እጁ አጠፋ፤ ያወጀው ቅጣት በራሱ ላይ እንዲፈጸም ጠየቀ።

ትንቢቱ የሚሆነውን ነገረው እንጂ እውነትን እንዲወድ አላስገደደውም።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፥ በፈተና በወደቅን ጊዜ «ዕድሌ ነው» ከማለታችን በፊት በእጃችን የነበረውን እንመርምር። ዕድል ቢኖር የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ የእኛን ድርሻ ግን ለእርሱ ልናስረክበው አይገባም።