ስንዝር ስንት ካሬ ሜትር ትሆናለች?



በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት የሠራ ሰው የአጥር ነገር ጎረቤትን ከጎረቤት እንዴት እንደሚያቃቅር አይጠፋውም። «ስንዝር ብትሆን ነው!» ይባላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ስንዝር መሬት ያለ አግባብ የሚወስድን ሰው በብርቱ አስጠንቅቀዋል፤ ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዛሬ ይህችኑ ስንዝር ልጆቻችን በትምህርት ቤት በሚማሩት አልጀብራ እንለካት።

ወርዱ 10፣ ቁመቱ 20 ሜትር የሆነ ቦታ አለን እንበል። ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው። አጥሩ በአራቱም በኩል «ወ» ሜትር ወደ ውጭ ቢገፋ ወርዱም ቁመቱም የሚጨምሩት በወ ሳይሆን በ2ወ ነው፤ ከሁለቱም ጫፍ ተገፍቷልና። (ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።) አዲሱ ስፋት የ«ወ» ፈንክሽን ሆኖ እንዲህ ይጻፋል፦

(10 + 2ወ)(20 + 2ወ) = 200 + 60ወ + 4ወ²

60ወ በአራቱ ጎኖች የተጨመረው መሬት ሲሆን 4ወ² ደግሞ አራቱ ማዕዘኖች ናቸው። ስንዝርን 20 ሳንቲ ሜትር ብንላት 12 + 0.16፣ ማለትም 12.16 ካሬ ሜትር ከየጎረቤቱና ከመንገዱ ተቆርሶ ገባ ማለት ነው። 3 በ4 ከሆነ መኝታ ቤት ይበልጣል!

ማዕዘኖቹን አንናቃቸው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ፣ «አልጀብራ» የሚለው ስም በተገኘበት መጽሐፉ፣ በአንድ ካሬ ዙሪያ አራት ሬክታንግሎች አስጠግቶ የጎደሉትን አራት ማዕዘኖች በመሙላት እኩልታን ይፈታል፤ ልክ እንደ አጥራችን። መጽሐፉ ስለ መሬት ልኬትና ስለ ውርስ ክፍፍልም ያስተምራል።

ወደ ውስጥ ሲሆንስ? አንድ አባት በዚሁ ቦታ ላይ ቤቱ 144 ካሬ ሜትር ይዞ፣ በዙሪያው ወርዱ እኩል የሆነ መተላለፊያ እንዲቀር ፈለገ እንበል፦

200 − 60ወ + 4ወ² = 144

ሲቃለል ወ² − 15ወ + 14 = 0 ይሆናል። መልሶቹ 1 እና 14 ናቸው። ወርዱ 10 ሜትር ከሆነ ቦታ በሁለት በኩል 14 ሜትር መቀነስ ስለማይቻል መተላለፊያው 1 ሜትር ነው። 2 ሜትር ይሁን ቢል ግን ለቤቱ የሚተርፈው 96 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ ከግማሽ በላይ በመተላለፊያ አለቀ።

ለወጣቶች የቤት ሥራ፦ በአንዱ ባለ 20 ሜትር ጎን ቤቱ ከወሰኑ ጋር ቢገጥምና በሦስቱ ጎኖች ብቻ 1 ሜትር ቢተው፣ ለቤቱ 162 ካሬ ሜትር መቅረቱን ፈንክሽኑን ጽፋችሁ አሳዩን።