የመሸበት እንግዳ

ይሁና ውሻችን ነው። ስሙን ያወጣችለት ባለቤቴ ናት፣ ማውጣት ከተባለ። የዛሬ ስድስት ዓመት ልጃችን ቡችላውን በጃኬቷ ሸሽጋ ስታመጣው፣ እናትየው ለአንድ ሰዓት ያህል «ውሻ ከቤት ውስጥ! ከሰው ጋር!» ስትል ቆይታ በመጨረሻ ደከማትና «እንግዲህ ይሁና» አለች። ልጅቷ ኮሌጅ ገባች። ይሁና ከነስሙ እኛ ዘንድ ቀረ።

ዛሬ የማወጋችሁ ባለፈው ጳጉሜ ሦስታችን በተጎታች ካራቫን የኦሪገንን የባህር ዳርቻ ስለዞርንበት ጉዞ ነው። በዚያውም መንገድ ዳር በነፃ ማደር የሚባለውን ነገር፣ የሚቻለውንና የማይቻለውን፣ እንዳቅሜ አካፍላችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ሁለት ጡረተኞች እንዴት ካራቫን ውስጥ እንደገባን ልንገራችሁ። እኔ ሲያትል ውስጥ 26 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፣ አብዛኛውን በሌሊት። እሷ ደግሞ በቀን አረጋውያን ስትጦር ኖረች። እኔ ስገባ እሷ ስትወጣ በር ላይ እንገናኛለን። «ወጡ ምድጃው ላይ ነው»፣ «የልጅቷን ቀጠሮ እንዳትረሺ»። ይኸው ነው ወጋችን። ብዙዎቻችሁ ይህን ኑሮ ስለምታውቁት አላበዛባችሁም። ሁለታችንም ጡረታ ስንወጣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን የምንነጋገረው አጣን። ታዲያ አሜሪካዊው ጎረቤታችን አርጅተው ካራቫናቸውን ለመሸጥ ሲነሱ፣ ዋጋውም ሲቀመስ፣ ገዛሁት። ርዝመቱ 17 ጫማ ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ጠባብ መጸዳጃ አለው።

ወሬው ምግብ ቤት ሲደርስ ጓደኞቼ መሳቂያ አደረጉኝ። አንዱማ «አንተ፣ መተማን ተሻግረህ ሱዳን በረሃ ላይ ያደርከው አልበቃህም? አሁን ደግሞ ገንዘብ አውጥተህ ሜዳ ልታድር ነው?» አለኝ። «ያኔ የኋላዬን እያየሁ ነበር የማድረው፤ አሁን ባህሩን እያየሁ ነው» ብዬ መለስኩለት። አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የተናገርኩት። የመጀመሪያዋ ሌሊት ግን አዋረደችኝ፤ እመጣበታለሁ።

ስንቅ ያዘጋጀችው ባለቤቴ ናት። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንታ፣ ሽሮ። እዚህ አገር ለመንገደኛ ተብሎ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን ደረቅ ምግብ ዋጋ አይቼ፣ አያቶቻችን ከነዚህ ሰዎች ቀድመው ያወቁት ነገር እንዳለ ገባኝ። በሶ ፍሪጅ አይፈልግም፣ እሳት አይፈልግም።

ጳጉሜ 3 ቀን ጠዋት ተነሳን። የሩፋኤል ዕለት ስለሆነ ያካፋ ነበር፤ እሷም እጇን በመስኮት አውጥታ ፊቷን አበሰች። ከሲያትል ወደ ደቡብ ወርደን በአስቶሪያ በኩል ባህሩን አገኘነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ 101 ቁጥር ነው። ከኮሎምቢያ ወንዝ አፍ እስከ ካሊፎርኒያ ወሰን ከ360 ማይል በላይ የኦሪገንን ዳርቻ ይዞ ይወርዳል። ካነን ቢች ላይ ሄይስታክ ሮክ የሚሉት፣ ከፍታው 235 ጫማ የሆነ ቋጥኝ እንደ ድርቆሽ ክምር ከአሸዋው ላይ ቆሟል። የሣር ድርቆሹን ማለቴ ነው፣ ባለቤቴ የያዘችውን አይደለም።

ስለዚህ ዳርቻ አንድ ማወቅ የሚገባችሁ ነገር አለ። የኦሪገን የባህር ዳርቻ የሕዝብ ነው። በ1913 ኦስዋልድ ዌስት የሚባሉ አገረ ገዢ የባህሩ ዳር የሕዝብ መንገድ ነው ተብሎ በሕግ እንዲታወጅ አደረጉ። በ1966 አንድ የሞቴል ባለቤት አሸዋውን ለራሱ እንግዶች ብቻ አጥሮ ሕዝቡ ተቆጣ። በ1967 ቶም ማኮል አገረ ገዢ ሳሉ ደረቁ አሸዋም ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የሚያደርገው ሕግ ወጣ። ስለዚህ ባለ ሚሊዮን ዶላሩ ቤት ፊት ለፊት እኔና ይሁና ብንንሸራሸር ማንም ውጡ አይለንም።

ይህን አንብቤ ነው የተሳሳትኩት። ዳርቻው የሕዝብ ከሆነ፣ እኔም ሕዝብ ከሆንኩ፣ ማደርም እችላለሁ ብዬ ደመደምኩ። ሲመሽ ባህሩ ቁልቁል የሚታይበት አንድ የመኪና ማቆሚያ አገኘሁ። «ሌሊት ማደር ክልክል ነው» የሚለውን ምልክት አይቼዋለሁ፤ አልዋሻችሁም። «ማን ያየናል?» ብዬ ነው የቆምኩት።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ። የባትሪ መብራት በመጋረጃው ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። ተነስቼ ሱሪዬን ስፈልግ ባለቤቴን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። የይሁናን አፍ በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛለች። «አትክፈት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዝም በል። የሉም ብለው ይሄዳሉ።»

ከፈትኩ። አንድ ወጣት ጥበቃ ነው። «ጌታዬ፣ እዚህ ማደር አይፈቀድም» አለ በትሕትና። ቅጣት አልጻፈብንም። እንዲያውም ጥቂት ማይል ወርደን ከአንድ የዓሣ አስጋሪዎች ወደብ አጠገብ ከፍለን ማደር እንደምንችል አመለከተን። በጨለማና በጭጋግ፣ ካራቫን እየጎተትኩ፣ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ወረድኩት። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ወደቡ ደርሰን ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ነው የተናገረችው። ታላቅ ወንድሟ በቀይ ሽብር እንደሞተ አውቃለሁ። ስንጋባም ነግራኛለች፣ በየዓመቱም ሻማ ታበራለታለች። የማላውቀው ይኼን ነው። በ1970 ዓ.ም. እሷ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች በራቸው በሌሊት ተንኳኳ። መብራት አጠፉ። እናቷ ውሻውን ሰጥተዋት «አፉን ያዢው» አሏት። ያዘችው። አመለጣትና ጮኸ። ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ ታወቀ። ወንድሟን ወሰዱት፣ አልተመለሰም።

«እኔ ነኝ ያስያዝኩት» አለችኝ።

ውሻው ቢጮህም ባይጮህም በሩን ሰብረው ይገቡ እንደነበር ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለች። «ግን አሥር ዓመቴ ነበር፤ ያዢው ተብዬ ነበር።» ይሁና ጭኗ ላይ ተኝቷል። «ይሁና» ባለችበት ቀን ለአንድ ሰዓት ለምን እንደተከራከረች ያን ሌሊት ገባኝ። ትዳራችን ከልጃችን በዕድሜ ይበልጣል። በር ላይ እየተገናኘን የማይነገር ወግ ኖሯል።

በማግሥቱ ጉዞውን ትተን እንመለስ አልኳት። እሷ ግን ሌላ ነገር አሰበች። «እኛ አገር መንገደኛ ሲመሽበት ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ነገሩን ታውቁታላችሁ። ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይለዋል። ሳይጠይቅ በረት ውስጥ ገብቶ የተኛ ግን እንግዳ አይባልም፣ ሌባ ነው። «ትናንት በረት ውስጥ ነው ያስተኛኸኝ» አለችኝ። አፍሬ ዝም አልኩ።

ስለዚህ ወደ ደቡብ ወርደን የብሔራዊ ደን ጽሕፈት ቤት ስናገኝ እኔ ልግባ ስል «እኔ ነኝ የምጠይቀው» ብላ ገባች። ካርታ ይዛ፣ እየሳቀች ወጣች። ከባህሩ ጥቂት ማይል ገባ ብሎ፣ ሲዩስሎ በሚባለው ብሔራዊ ደን ውስጥ፣ በተፈቀደ ቦታ በነፃ ማደር ይቻላል ተብላለች። የተማርነውን እነሆ፦

አንደኛ፣ በብሔራዊ ደንና በፌዴራል የመሬት አስተዳደር ሥር ባለ መሬት፣ ካልተከለከለ በቀር፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 14 ቀን ያለ ክፍያ ማደር ይቻላል። ውኃም መብራትም መጸዳጃም የለውም። የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነና እሳት ማንደድ የተከለከለ መሆን አለመሆኑን በዚያው ሰሞን ጠይቁ፤ በየወቅቱ ይለዋወጣል።

ሁለተኛ፣ በአውራ ጎዳና ማረፊያዎች ለአሽከርካሪ እረፍት ተፈቅዷል፦ በኦሪገን 12 ሰዓት፣ በዋሽንግተንና በካሊፎርኒያ 8 ሰዓት። ድንኳን መትከልና ወንበር መዘርጋት ግን የለም። አንዳንድ ትልልቅ መደብሮችም በግቢያቸው ያሳድራሉ፤ ሥራ አስኪያጁን መጠየቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ቆሻሻ ውኃ መሬት ላይ አይደፋም። ለዚሁ የተሠራ መድፊያ አለ፤ ጥቂት ዶላር ከፍሎ ማራገፍ ነው። ንጹሑንም ቆጥቡ። የእኛ በርሜል 25 ጋሎን ይይዛል፤ ባለቤቴ የመጀመሪያውን ቀን ስኒዎቹን እንደ ቤቷ እያለቀለቀች ጨረሰችው።

አራተኛ፣ ይኼ ለእኛ ሰው የግድ ነው፦ ካራቫን ውስጥ ከሰል አታንድዱ። ለቡናም፣ ለዕጣንም፣ ለሙቀትም። የከሰሉ መርዝ ሽታ የለውም፤ ተኝቶ የሚቀር ይቀራል። ለዚህ የሚጮኸውን መሣሪያ ግዙና ባትሪውን ፈትሹ።

አምስተኛ፣ ለባህሩ ጀርባችሁን አትስጡ። በዚያ ዳርቻ ሳይታሰብ ከሌሎቹ እጅግ ርቆ የሚወጣ ሞገድ አለ፤ ሰው ይወስዳል። የመሬት መንቀጥቀጥ ከተሰማችሁ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሳትጠብቁ ወደ ከፍታ ሽሹ። አቅጣጫውን የሚያሳዩ ሰማያዊ ምልክቶች በየመንገዱ አሉ።

ውሻ ላላችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። ከማርች 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 አንዲት ትንሽ ወፍ አሸዋው ላይ እንቁላል ስለምትጥል፣ ለእሷ በተከለሉ ዳርቻዎች ውሻ አይገባም። ሁለተኛው የባሰ ነው። በዚያ አካባቢ ውሻ ጥሬ ሳልሞን ከበላ ሊሞት ይችላል። ዓሣው ጥቃቅን ትል ይይዛል፣ ትሉም ባክቴሪያ ይሸከማል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳት፣ ትውከት፣ ተቅማጥ ይመጣል፤ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ቶሎ ሐኪም ካየው በመድኃኒት ይድናል። በወንዝ ዳር የወደቀ ዓሣ ያየ ውሻ ይዛችሁ ከሆነ ማሰሪያውን አሳጥሩት። ይሁናን ከአንዱ ላይ በጉልበት ነው የጎተትኩት። አንድ አሮጌ ዓሣ አስጋሪ አይቶ ባይነግረኝ «ውሻ ዓሣ ቢበላ ምናለበት» ብዬ አልፈው ነበር።

አሁን ወደ ደኑ ልመልሳችሁ። ቦታችን ዙሪያውን ጽድ የበዛበት፣ ባህሩ የማይታይበት ነው፤ ነፋሱ ሲመለስ ብቻ ከሩቅ ይሰማል። ፈቃዳችንን የያዘውን ካርታ ባለቤቴ መስኮቱ ላይ ለጥፋዋለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። በሁለተኛው ሌሊት፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ውጭ ቅርንጫፍ ተሰበረ። ይሁና ጆሮውን አቆመና መጮህ ጀመረ። የባለቤቴ እጅ በጨለማው ወደ አፉ ሲሄድ አየሁት። ደረሰ። ከዚያ ቆመ፤ ጭንቅላቱን ዳበሰው።

«ተወው» አለችኝ፣ እኔ ምንም ሳልል። «ይጩህ።»

ጮኸ። የልቡ እስኪደርስ ጮኸ። በመጋረጃው አጮልቀን ብናይ ኤልክ የሚባለው ትልቁ አጋዘን ነው፤ ቀንዱ የዛፍ ያህላል። ቆሞ አየንና ተመልሶ ጫካው ውስጥ ገባ። ባለቤቴ በዚያው ተኛች። እስኪነጋ አልነቃችም። እኔ የሌሊት ሰው ስለሆንኩ ትንፋሿን እየሰማሁ ቆየሁ።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ወደ ባህሩ ወርደን፣ በጋዝ ምድጃ ላይ ጀበና ጥደን፣ ዳቦ ቆሎ ይዘን አዲሱን ዓመት ተቀበልን። ልጃችን ደወለች። «ይሁና ደህና ነው?» አለች፣ ከእናቷም ከአባቷም በፊት። እናቷም «ደህና ነው፣ ይጮሃል» ብላ መለሰችላት። ልጅቷ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባትም። ሲመጣ ራሷ ትነግራታለች፤ እኔ አልነግርም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በር ላይ ብቻ የምትገናኙ ባልና ሚስት ካላችሁ፣ ካራቫን መግዛት አያስፈልግም። በቫንም፣ በድንኳንም፣ በተከራያችሁት መኪናም ይሆናል። ሁለት ቀን አብራችሁ ውጡ። ሲመሽባችሁ ግን ጠይቃችሁ እደሩ።