ዲመካ ስንት ሰው ይኖርባታል?

ስለ ዲመካ የሕዝብ ብዛት የሚነገር ቁጥር መነሻው ብዙ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ቆጠራ ነው። ያኔ ዲመካ የምትገኝበት የደቡብ ኦሞ ዞን ነዋሪ 573,435፣ የዞኑ ዋና ከተማ የጂንካ ደግሞ 20,267 ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራው በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ቢልም፣ አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ከተራዘመ በኋላ በ2011 ዓ.ም. በምክር ቤት ውሳኔ ዳግም ተላልፏል። በ1999 የተወለደ ሕፃን ዛሬ ወጣት ሆኗል፤ የውኃና የጤና ዕቅድ ግን አሁንም በዚያው ዓመት ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ይሠራል።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው ትንበያ አለ የሚል መልስ ይሰማል። ትንበያው ለአገርና ለክልል ይጠቅማል። ለትንሽ ከተማ ግን የድሮ መሠረትን በዕድገት መጠን ማባዛት አዲስ የተሠራውን ሰፈር አያሳይም። በዲመካ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ከተማዋ የሐመር ወረዳ ዋና ከተማ በመሆኗ የወረዳውና የከተማው ቁጥር በቀላሉ ይደባለቃል። ቅዳሜ ገበያ ሲቆም የሐመርና የበና ሕዝብ ፍየል እየነዳ፣ ማርና ቅቤ ተሸክሞ ይገባል፤ ማታ ይበተናል። ይህ ሕዝብ በነዋሪነት አይመዘገብም፤ ውኃውንና መጸዳጃውን ግን ይጠቀማል።

ቆጠራ ገንዘብና ሰላም ይጠይቃል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ህንድም ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራዋ በኋላ ተከታዩን በወቅቱ ማካሄድ አልቻለችም። ብሔራዊው ቆጠራ እስኪመጣ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ከቀበሌው ጋር ቤት ለቤት መዝግቦ፣ የከተማውን ወሰን በካርታ ላይ አስምሮ፣ ቁጥሩን ከነቀኑና ከነአቆጣጠሩ ይፋ ማድረግ ይችላል። የገበያ ቀን ብዛትም ለብቻው ይጻፍ።