ከምንጩ ራስ የተቀመጠ ሰው ዕዳ



አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ብለው ተርተዋል። ይህን ተረት ሁላችንም ለሽምግልናና ለክርክር ስንጠቅሰው ኖረናል፤ በጉለሌ ለምንኖር ቤተ ሰቦች ግን እንደ ቃሉ የሚፈጸምብን ነው። ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች ገና ከደኑ እንደ ወጡ በእኛ ደጅ ያልፋሉና፥ የውኃውን ጥሩ ይዘን ከከተማው ሁሉ በላይ የተቀመጥነው እኛ ነን።

ባለፈው ወር በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ አንዲት አረጋዊት እናት ወደ እኔ ቀረብ ብለው፥ «መምህር፥ ከበላያችን ያለው ትልቅ ሕንፃ ወደ ወንዛችን የሚለቀው ውኃ ተጣርቷል ይሉናል። ተጣርቷል ማለት ምን ማለት ነው? የልጅ ልጄ ከዚያው ሲንቦራጨቅ ይውላል» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «እማማ፥ ነገሩን ራሴ ሳላጣራ አልመልስልዎትም» አልኋቸው። እንግዲህ የደረስሁበትን ለእርሳቸውም ለእናንተም እነሆ።

ከየመጸዳጃው የመጣ ፍሳሽ ወደ ማጣሪያ ሲገባ በመጀመሪያ ጨርቁና ፕላስቲኩ በወንፊት ይለያል፤ ቀጥሎ ከባዱ ዝቃጭ ወደ ታች ይቀመጣል፤ ከዚያም በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት አየር እየተሰጣቸው በውኃው የቀረውን እድፍ ይበሉታል። ይህ ትልቅ በጎ ሥራ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። በከተማችን ደቡብ በቃሊቲ የሚገኘው ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ሆኖ መስፋፋቱ ሊያስደስተን ይገባል።

ነገር ግን ጥሩ መስሎ መታየትና ንጹሕ መሆን ልዩ ልዩ ናቸው። የተጣራው ውኃ በክሎሪን ወይም ይህን በመሰለ መድኃኒት ካልታከመ፥ የበሽታ ተሐዋስያን ከነሕይወታቸው ሊወጡ ይችላሉ። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የሚባሉት ንጥረ ነገሮችም ለብቻ ካልተወገዱ በውኃው ሟሙተው ይቀራሉ። እነዚህ ለእርሻ ማዳበሪያ ናቸው፤ በሐይቅ ላይ ግን እንቦጭን የሚመግቡ ናቸው። ናይትሮጅኑ ወደ ናይትሬት ተለውጦ ወደ መሬት ሲሰርግ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ውኃውን ማፍላትም አያስወግደውም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ከ50 ሚሊግራም በላይ ናይትሬት እንዳይገኝ የመከረው፥ በዚህ ውኃ የተበጠበጠ ወተት የሚጠጣ ጨቅላ ሕፃን ደሙ አየር መሸከም ተስኖት እንዳይጠቃ ነው። ከዚህም ሌላ መብራት ሲጠፋ የሚቆም፥ ዝቃጩም በጊዜው የማይወጣለት ማጣሪያ ስሙ ማጣሪያ ቢሆንም ሥራው የቧንቧ ብቻ ነው።

ከእኛ ደጅ ያለፈው ውኃ ወዴት ይሄዳል? ቀጨኔና ቀበና ሌሎቹም ወንዞች ቍልቍል ወርደው ወደ አቃቂ ይገባሉ። በአቃቂ ዳር ያሉ ገበሬዎች ጎመኑን፥ ቆስጣውንና ሰላጣውን በዚያ ውኃ ያጠጣሉ፤ እኛም ከገበያ ገዝተን ወደ ማዕዳችን እንመልሰዋለን። ከዚያ ውኃው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ ይህም እንቦጭ ሲወርሰው የኖረ ነው። ቀጥሎም ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ የአፋርን ከብት ያጠጣል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ ወንዝ ነውና፥ ከጉለሌ የፈሰሰው ሁሉ ከአገራችን ምድር ጋር ይቀራል። ከምድር በታችም እንዲሁ ነው። ከእንጦጦ በኩል በተሰነጠቀው ዐለት ውስጥ የሚሰርገው ውኃ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ በአቃቂ በኩል ደግሞ ከተማው የሚጠጣባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በ34ኛው ምዕራፍ የጠራውን ውኃ ራሳቸው ጠጥተው የተረፈውን በእግራቸው የሚያደፈርሱትን በጎች የገሠጸው ለእኛም ጭምር ነው። ነቢዩ ኤልሳዕም የኢያሪኮን ውኃ ሊፈውስ በወደደ ጊዜ የሄደው ወደ ታችኛው ገንዳ ሳይሆን ወደ ምንጩ ራስ ነበር።

በዚህ መንፈስ የማኅበሩ አባሎች አቤቱታ ለመጻፍ ተስማምተን፥ አስቀድመን ወንዙን ተከትለን ልናይ ወጣን። ነገሩን መሸሸግ አይገባኝም፤ የሕንፃውን ቧንቧ ከማግኘታችን በፊት ያገኘነው የራሳችንን ነው። ዝናብ ሲበረታ የመጸዳጃውን ጉድጓድ ከፍቶ ለጎርፍ የሚሰጥ ቤት ከፈራሚዎቹ መካከል ነበር። ሁላችንም አፈርን። አንዱ አባል «እንግዲህ ምን አፍ አለን?» ብሎ ወረቀቱን ሊቀድ ሲነሣ፥ እኒያ እናት «ልጄ፥ አፋችንን አጥበን እንናገራለን እንጂ ለምን ዝም እንላለን?» አሉት። ስለዚህ አስቀድመን ጉድጓዶቻችንን አስመጠጥን፤ ለማይችሉትም ከማኅበሩ ተዋጥቶ መኪናው ተከፈለላቸው። አቤቱታው የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

አቤት ለማለት ሕጉ በር ከፍቶልናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ እንደ ሆነ ያዛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በአንቀጽ 11 ማንም ሰው «እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ» ማለት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። የአዲስ አበባ አስተዳደርም በ2017 ዓ.ም. ስለ ወንዞች ብክለት ቅጣት ያለበት ደንብ አውጥቷል።

መንገዱ ግን ሁልጊዜ ቀና አይደለም። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ማኅበር በ1990ዎቹ መጨረሻ ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከስሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ክሱን አልተቀበለውም። ቢሆንም ዜጋ ስለ ወንዝ ችሎት ሊቆም እንደሚችል አሳይቶናል። በ1858 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የለንደን ከተማ ወንዝ ቴምዝ እጅግ በከረፋ ጊዜ፥ ሽታው በወንዙ ዳር ወዳለው ፓርላማ ስለ ገባ የፍሳሹ ሕግ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወጣ። የእኛ ወንዝ ሽታ ግን ከባለሥልጣን ጠረጴዛ በራሱ አይደርስም፤ በወረቀት ልናደርሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ አቤቱታ የምትጽፉ ሁሉ ቀኑን፥ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ፤ በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። የውኃው ምርመራ ውጤት እንዲገለጽላችሁ፥ ናሙናውም ማን፥ መቼና ከየት እንደ ወሰደው እንዲነገራችሁ ጠይቁ። ያላያችሁትን አትጻፉ፤ በሐሰት መመስከር በወንዝ ጉዳይም ቢሆን ኃጢአት ነው። የመዝገብ ቁጥር ያለበትን ቅጂ በእጃችሁ አኑሩ፤ 30ውን ቀን መቁጠር የምትችሉት በእርሱ ነውና። መልሱ እስኪመጣም ልጆችን ከወንዙ ከልክሉ፤ ጥሬ የሚበላውን ቅጠልም በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ።

የእኛ ወረቀት ከገባ ዛሬ 19 ቀን ሆኖታል፤ መልስ ገና አላገኘንም። እኒያ እናት ፊደል ስላልቆጠሩ በስማቸው አንጻር የአውራ ጣታቸውን አሻራ አኑረዋል። በየሰንበቱ ሲያገኙኝ «መምህር፥ ስንት ቀን ቀረን?» ይሉኛል፤ እኔም እየቆጠርሁ እነግራቸዋለሁ።

ውኃን ለሰው ሕይወት የሰጠ እግዚአብሔር ከምንጩ ራስ ያስቀመጠን ለታችኞቹ ወንድሞቻችን እንድናስብ ነውና፥ ልቡናውንም ትጋቱንም ያድለን፤ አሜን።