የክብር እንግዳው ሶፋ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ባሕር ዳር አንድ የልጆች መጽሐፍ ሲመረቅ ተጠርቼ የእህቴን ልጅ አስከትዬ ሄድኩ። ዕድሜዋ 8 ነው፤ ከፊደሉ ይልቅ ሥዕሉን ታነባለች። ለ8 ሰዓት የተጠራው ፕሮግራም 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። የክብር እንግዳው አልደረሱም ነበራ! ከመድረኩ ፊት ሦስት ሶፋ፣ ከሶፋው ፊት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና የሃይላንድ ውሃ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። መጡ፤ ተነሥተን አጨበጨብን፤ ሪባን ቆረጡ፤ ስለ ንባብ ባህል 20 ደቂቃ ተናገሩ። መጽሐፉን ገልጠው እንዳላዩት ለመጠርጠር ጊዜ አልወሰደብኝም፤ የታሪኩን ባለቤት፣ ጦጣዋን፣ ሦስት ጊዜ «ዝንጀሮዋ» አሏት። የእህቴ ልጅ ሦስቱንም ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

ደራሲዋ ምስጋና ተሰጣት፤ አሳታሚው ተመሰገነ፤ አዳራሹን የፈቀዱት ተመሰገኑ። ያን ሁሉ ገጽ በቀለም የሞላው ሠዓሊ ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከድምፅ ማጉያው ባለሙያ አጠገብ ተቀምጧል። ስሙን የጠራ የለም። ያወቅኩትም ጣቶቹ ላይ በቀረው ቀለም ነው።

ዓለም ላይ ይህ ሶፋ የሚገለበጥበት አንድ ዓይነት ስብሰባ አለ፤ የኮሚክ ወዳጆች ጉባኤ። (ቃሏ ለእኛ ትንሽ ታስቸግራለች። በአማርኛ «ኮሚክ ነው» የምንለው የሚያስቀንን ሰው ነው። የኮሚክ መጽሐፍ ግን ሳያስቅም ኮሚክ ነው፤ በተርታ በተሠመሩ ሣጥኖች ውስጥ ሥዕልና ጽሑፍ ተጋግዘው ታሪክ የሚናገሩበት ሥራ ነው።) እዚያ ጉባኤ ላይ «እንግዳ» ተብሎ ስሙ በፖስተር የሚለጠፈው ባለሥልጣን አይደለም፤ የሣለውና የጻፈው ሰው ነው። ጠረጴዛ ይሰጠዋል፤ እርሳሱንና ወረቀቱን ይዘረጋል፤ አንባቢው ተሰልፎ ይመጣል፤ ያስፈርማል፤ ይጠይቃል፤ አንዳንዱም ይሟገተዋል። «ለምን ገደልከው?» የሚባል ጥያቄ የሚቀርብለት የክብር እንግዳ እኛ ጋ አይቼ አላውቅም።

የታወቀው የዚህ ዓይነት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ሳንዲያጎ ከተማ ተጀመረ። በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር አንድ ሆቴል ውስጥ ለሦስት ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ 300 ገደማ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ጃክ ኪርቢ ይባላል፤ ከጸሐፊው ከስታን ሊ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1966 «ብላክ ፓንተር» የተባለውን ጀግና የፈጠረው ሠዓሊ ነው። ዋካንዳ የተባለችውን፣ ማንም ያልገዛትን የጀግናውን አፍሪካዊ አገር በእርሳስ ያቆማት እሱ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ሰው በገዛ እጁ የሣላቸውን ዋና ቅጂዎች ለማስመለስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከአሳታሚው ከማርቭል ጋር ሲሟገት ኖሯል። አሳታሚው የነፈገውን ክብር ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው አንባቢ ነበር የሚሰጠው። እኔ የዚህን ጉባኤ ትልቁን ጥቅም የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ጭምብል የለበሱት ወጣቶች፣ አሻንጉሊቱና ጩኸቱ ብዙም አይገቡኝም።

እርግጥ ነው፣ ሶፋው እዚያም ቢሆን ባለቤቱን እየቀየረ ነው። ዛሬ ሳንዲያጎ ከ130 ሺህ በላይ ሰው ይሰበስባል፤ ረጅሙ ሰልፍ ግን የፊልም ተዋንያን ያሉበት አዳራሽ በር ላይ ነው። ጀግናውን የሣለው ሽማግሌ አዳራሹ ጥግ ላይ በጠባብ ጠረጴዛ፣ የጀግናውን ልብስ ለሁለት ሰዓት ፊልም የለበሰው ወጣት መድረኩ ላይ። ሃይላንድ ውሃውም ወደዚያው ሳይሄድ አይቀርም።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ ሌጎስ ከ2012፣ ጆሃንስበርግ ደግሞ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የየራሳቸው ጉባኤ አላቸው። እኛ ዘንድ ኮሚኩ ቀድሞ መጥቷል፤ ጠረጴዛው ነው የቀረው። በዚያው በ2018 በሰራት ደበበ በመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በኩል «ጀምበር» የተባለውን ልዕለ ጀግና አወጣ። ጀምበር፣ አማኑኤል የሚባል ሥራ ፈላጊ ተመራቂ ነው። ይህን ሳነብ ሳቅ አመለጠኝ፤ የአሜሪካዎቹ ጀግኖች ከሌላ ፕላኔት ይመጣሉ፣ ሸረሪት ይነድፋቸዋል፤ የእኛው ግን ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። ከእሱ ቀጥሎ «ሐዊ» የተባለችው ሴት ጀግና መጣች፤ ለሕትመቷ የሚሆነውን ገንዘብ በበይነ መረብ ያዋጡት አንባቢዎች ናቸው። መጽሐፎቹ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥተዋል። ታዲያ አንድ የባሕር ዳር ልጅ ጀምበርን የፈጠረውን ሰው ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ እርሳሱ ሲንቀሳቀስ የሚያየው የት ነው?

ይህ ጥያቄ እኔን በተለይ የሚያንገበግበኝ ዳርቻው ላይ በምኖረው ሐይቅ ምክንያት ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው በሣጥን በሣጥን የተከፈለ የሥዕል ታሪክ ከውጭ የመጣ ነገር ነው ቢሉት አይሰማም። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ዘጌ ወርዶ፣ በቡናው ዛፍ ጥላ ሥር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መውጣት ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። በላዔ ሰብ 78 ሰው ሲበላ ኖሮ፣ ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ፣ ሲሞት፣ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ታያለህ። አንዱ ትዕይንት ከሌላው ቀጥሎ ይመጣል፤ በግዕዝ የተጻፈች አጭር መግለጫም አለች። ጽሑፉን ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ካህኑ በዘንግ እየጠቆሙ ይተርኩለታል። የአሜሪካው ኮሚክ የንግግር ፊኛ አለው፤ የእኛ የካህን ዘንግ አለው።

ሕግም አለው። ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ክፉው፣ ከሃዲውና ሰይጣኑ በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ለሕፃን ከዚህ የተሻለ የማንበቢያ ቁልፍ የለም።

የእህቴን ልጅ ባለፈው ዓመት እዚያው ኡራ ወስጃት ነበር። በአንድ ዓይን የተሣለውን ወታደር አይታ ምክንያቱን ጠየቀች፤ አባ በትዕግሥት አስረዷት። ከዚያ «አባ፣ ማነው የሣለው?» አለች።

«አባቶች ናቸው፣ ልጄ።»

«የትኛው አባት?»

አባ ፈገግ ብለው ዘንጋቸውን ወደሚቀጥለው ሥዕል አዞሩት።

አባ አልተሳሳቱም። ሠዓሊው ስሙን የደበቀው በትሕትና ነው፤ ሥራው ጸሎቱ ነበር፤ ፊርማ ደግሞ ትዕቢት ሊመስል ይችላል። ያን ትሕትና አልነቅፍም። ሆኖም አሠሪዎቹ ሁልጊዜ እንደዚያ ትሑት አልነበሩም። ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው እቴጌይቱ እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው አግኝቷቸዋል። መደፋታቸው ትሕትና ነው፤ ግን ሥዕሉ ውስጥ አሉ። አስጎብኚው ስማቸውን ይጠራል፤ ሦስት ጊዜ በሄድኩባት ናርጋ የሠዓሊውን ስም የነገረኝ ግን የለም። ሶፋው፣ እንግዲህ፣ የዛሬ አይደለም።

ደግሞ ሁሉም ሠዓሊ ስሙን አልደበቀም። ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተሣለች የእመቤታችን ሥዕል አለች፤ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን መሆኑ እዚያው ላይ ተጽፏል። ከ500 ዓመት በላይ አለፈው፤ ሐይቁ መሐል ሆኖ ስሙ ይነበባል። ባሕር ዳር ውስጥ በፍሬ ጽዮን ስም የተሰየመ መንገድ ይኖር ይሆን ብዬ ሳፈላልግ ከርሜ ተውኩት።

ሌላም ምስክር ልጥራ። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ገብታችሁ የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ 44 ሣጥን ያለው ሸራ ወይም ብራና ይዘረጋላችኋል። ዘንዶው ሲገደል፣ ማክዳ ስትነግሥ፣ ኢየሩሳሌም ስትወርድ፣ ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ምግብ አብልቶ በውሃ ጥም ሲያጠምዳት፣ ምኒልክ ተወልዶ ታቦቱን ይዞ ሲመጣ፤ ከእያንዳንዱ ሣጥን ጋር ታሪኩን የሚናገር አጭር ጽሑፍ። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ኮሚክ ምንድን ነው? ቱሪስቱ ጠቅልሎ ወስዶ ሳሎኑ ይሰቅለዋል። ሠዓሊው ሱቁ ጓሮ ተቀምጦ የሚቀጥለውን 44 ይጀምራል።

ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ጉባኤ ቢደረግ እያልኩ አልማለሁ። ሳንዲያጎን መኮረጅ አያስፈልግም። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አዳራሽ አለው፤ ዩኒቨርሲቲውም አለው፤ ሐይቁ ዳር ደግሞ ዛፉ ራሱ አዳራሽ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ የጀምበር ፈጣሪ፣ ከጎኑ የጋዜጣ ካርቱን የሚሠራ፣ ከእሱ ቀጥሎ ፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ የሚሥል መሪጌታ ይቀመጡ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ እንደሚለጠፍ መሪጌታው ለኮሚክ ሠሪው ያሳዩት፤ እሱ ደግሞ በታብሌት እንዴት እንደሚሥል ያሳያቸው። እኔ ከሁሉ በላይ መስማት የምፈልገው የእነዚህን ሁለት ሰዎች ጨዋታ ነው። ሁለቱም ስለ ዓይን ብዙ የሚሉት ይኖራቸዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ይከፈላቸው። ሠዓሊ ስንጠራ «ለአገርህ ነው» ማለት ይቀናናል፤ አበሉ የሚሰላው ለሪባን ቆራጩ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የአውሮፕላን ትኬት፣ ከዘጌ የሚመጣው የጀልባውን ይቆረጥለት፤ ሁለቱም ስንት ቀን ከሥራቸው እንደተነሡ ታስቦ በእጃቸው ይሰጣቸው። ጎብኚ በቀነሰበት በዚህ ጊዜ የሥዕል ገቢ ለአንዳንዱ ቤት የእንጀራ ጉዳይ ነው። ባለሥልጣናቱም ይምጡ፤ የምንጠላቸው አይደሉም። ቲኬት ቆርጠው ይሰለፉ።

የዚያን ቀን ምረቃ ልጨርሰው። ንግግሩ አልቆ ሕዝቡ ከክብር እንግዳው ጋር ፎቶ ለመነሣት ሲጋፋ፣ የእህቴ ልጅ ከጎኔ ጠፋች። ሳፈላልጋት ሦስተኛው ረድፍ አገኘኋት፤ የጥሪ ካርዴን ጀርባ ገልብጣ ለሠዓሊው ሰጥታዋለች።

«ጋሼ፣ አምባዛ ይሣሉልኝ።»

ደነገጠ። ከኪሱ እስክርቢቶ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ሣለላት፤ ሪዙ ሁሉ ሳይቀር። ሌላ ልጅ መጣ፣ ቀረሶ ፈለገ። ሦስተኛው ታንኳ አለ። ሳላስበው እኔ ራሴ ሰልፍ አስከባሪ ሆንኩ፤ ወላጆች ከፎቶው ሰልፍ እየወጡ ልጆቻቸውን ተከትለው መጡ።

የእህቴ ልጅ ግን ካርዱን ይዛ አልሄደችም። «ስም ይጻፉበት» አለችው። ስሟን ጠየቃትና አሳምሮ ጻፈላት። «የኔን አይደለም፣ የእርስዎን!» አለችው። አንገቱን ደፍቶ በስተግርጌው፣ በጣም በትንሹ፣ የራሱን ጻፈ።

አሁንም አልጨረሰችም። ካርዱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና ፊቷ ተኮሳተረ። ዓሣው በጎን ነው የተሣለው።

«ጋሼ፣ ይሄ አምባዛ ክፉ ነው እንዴ?»

ሠዓሊው አልገባውም፤ እኔ ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የዘጌውን ነገር ስነግረው እስክርቢቶውን መልሶ አነሣ። ካርዱ ዛሬ እህቴ ቤት ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል፤ አምባዛው በጎን ይዋኛል፣ በሁለት ዓይኑ ያየናል።