በደብሩ ቅጥር ላይ የተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ የማን ነው?

በጥምቀት ሰሞን በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ ያለፈ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከወገዳ ከተማ አንሥቶ በበሽሎ በኩል እስካለው ቆላ ድረስ፣ ታቦት በሚያልፍበት መንገድና በየደብሩ ቅጥር ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቅ በባሕር ዛፍ አጠና ላይ ታስሮ ይውለበለባል። ብዙውን ጊዜ ዓርማ የለውም። ይኸው ጨርቅ ለአንዱ ሹም የሕግ ጥሰት፣ ለሌላው የፖለቲካ መፈክር፣ ለሦስተኛው ደግሞ የሃይማኖቱ የግል ንብረት መስሎ ይታየዋል። ሦስቱም አመለካከቶች ሠርቶ አደሩን ሕዝብ ከገዛ ሰንደቁ የሚነጥሉ ስለሆኑ፣ ጉዳዩ በቀበሌና በሠራተኛ ማኅበራት ስብሰባ ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።

ሰንደቅ ዓላማ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የመደብ ታሪክ ነው። ሦስቱ ቀለማት በአንድ ጨርቅ ተጣምረው የአገር ምልክት የሆኑት በ1890 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በመካከሉ የቆመው አንበሳ ዘውድ ደፍቶ መስቀል ያለበት ዘንግ ይዞ ነበር። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት በአንድ ጨርቅ ላይ ተፈራርመዋል። የስማዳ ገበሬ ግብር የከፈለውም፣ ጸሎት ያደረሰውም በዚሁ ምልክት ጥላ ሥር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያኗም ርስት ተወረሰ፤ በዚያው ዓመት የአንበሳው ዘውድ ወለቀ፣ የዘንጉም መስቀል በጦር ጫፍ ተተካ። ከዚያ ወዲህ ዓርማዎች ተፈራርቀዋል። ገበሬው ግን ዓርማ በተለወጠ ቁጥር ሌላ ጨርቅ አልገዛም፤ ቀለማቱን ይዞ ቀረ። ይህን አድኃሪነት ብሎ መፈረጅ ሕዝቡን አለማወቅ ነው።

በሌላው ዓለምም ሰንደቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሁልጊዜ አንድ ነገር አልሆነም። በእንግሊዝ ያረጁ የክፍለ ጦር ዓርማዎች በየካቴድራሉ ጣሪያ ሥር ተሰቅለው እስኪበሰብሱ ይቆያሉ፤ የቅኝ ግዛት ጦርነት በዚህ ዓይነት ይቀደሳል። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1933፣ ፋሽስቶች የሠራተኛውን ማኅበራት ባፈረሱበት ዓመት፣ በማግደቡርግ ካቴድራል መሠዊያ ዙሪያ የስዋስቲካ ባንዲራዎች ተደርድረው ነበር። በተከታዩ ዓመት በባርመን የተሰበሰቡ የሃይማኖት ሰዎች ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት መሣሪያ አይደለችም ብለው ቆሙ። ስለዚህ ጥያቄው ጨርቁ በየት ተሰቀለ የሚለው ብቻ አይደለም። ማን ሰቀለው፣ ማንንስ ለማስፈራራት?

በእኛ አገር ካህናቱ ለቀለማቱ የሚሰጡት ትርጓሜ ከኖኅ ቀስተ ደመና ይነሣል። በድጓ ማስመስከሪያዋ በቤተልሔምና በዙር አባ አገር ይህን የሚያስረዳ መሪጌታ አይጠፋም። እኛም ትርጓሜውን ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ እስከ መጨረሻው ይነበብ ነው የምንለው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 እንደተጻፈው ያ ቃል ኪዳን የተገባው ለኖኅና ለዘሩ፣ አብሮትም ከመርከብ ለወጣ ሕያው ፍጥረት ሁሉ ነው። እንግዲህ በገዛ ትርጓሜው መሠረት ቀስተ ደመናውን ይዞ ሙስሊሙን ጎረቤቱን «ይህ ያንተ አይደለም» የሚል ሰው የሚከራከረው ከእኛ ጋር ሳይሆን ከመጽሐፉ ጋር ነው። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት በዐድዋ ነበር። ከበሽሎ ማዶ ከወሎ ከራስ ሚካኤል ጋር የዘመተው ሙስሊም ፈረሰኛም በዚያው ነበር።

ለሹሙም የምንለው አለን። ሰንደቅ ዓላማው በመካከሉ ዓርማ እንዲኖረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ይደነግጋል፤ አዋጅ ቁጥር 654/2001 እና ማሻሻያው 863/2006ም በሥራ ላይ ናቸው። ማንም ከሕግ በላይ አይደለም። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ዓርማው የብሔሮችንና የሃይማኖቶችን እኩልነት እንዲያንጸባርቅ የሚል ሆኖ ሳለ፣ እኩልነትን በዱላ ማስተማር ምን ዓይነት አሠራር ነው? በ2014 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል የወይብላ ማርያም ታቦት ሲመለስ፣ ከሰንደቅ ዓላማ ጋር በተያያዘ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የሞቱት የድሀ ልጆች ናቸው። ጨርቁን ከዲያቆን እጅ መንጠቅ ለቢሮክራቱ ቀላል ሥራ ነው፤ ሪፖርትም ይሞላበታል። ማስረዳት ግን ጊዜ ይጠይቃል፣ መደማመጥንም።

በወገዳና በአካባቢዋ ያሉ ማኅበራት ሊያደርጉት የሚችሉት ሩቅ አይደለም። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የሰበካ ጉባኤው አባላትና የሙስሊሙ ሽማግሌዎች በአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጠው የትኛው ጨርቅ፣ በየትኛው መንገድ፣ በማን ጠባቂነት እንደሚሰቀል ይስማሙ። ስምምነቱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ለበዓሉ ጥበቃ የሚመደበው ፖሊስም ቀድሞ ይወቀው። ለዚህ ከታኅሣሥ የተሻለ ወር የለም፤ እህሉ ተወቅቶ ገበሬው ፋታ ያገኛል፣ ለከተራም ሳምንታት ይቀራሉ።