የታኅሣሥ 30 ነጋዴ

የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ጳጉሜን ስንጨምር ከ180 ቀናት በላይ መሆኑ ነው። ይሁንና በታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት በለሚ ኩራ፣ ከአያት እስከ ጎሮ፣ ነጋዴው ወረቀት ይዞ ሲሯሯጥ የተመለከተ ሰው፣ የተሰጠው ጊዜ አምስት ቀን ብቻ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እድሳቱ በኢንተርኔት መሠራት ከጀመረ ወዲህም ልማዱ ያው ነው።

ሰሚት አካባቢ የሕንጻ መሣሪያ የሚሸጡ አንድ ነጋዴ የደረሰባቸውን አጫውተውኛል። ታኅሣሥ 27 ቀን የግብር ክሊራንስ ሲጠይቁ ያላሳወቁት የአንድ ወር ቫት ተገኘባቸው። እሱን አስተካክለው እስኪጨርሱ ጥር ገባ። ቅጣቱስ ግድ የለም፣ ይከፈላል። የቆጫቸው በዚያው ሰሞን የወጣው የብረት ጨረታ ነው። «የታደሰ የንግድ ፈቃድ ያለው» የሚለው መስመር ከደጅ መለሳቸው።

ለመሆኑ ሰነፍ ናቸው? በፍጹም! ከንጋቱ 12 ሰዓት ሱቃቸውን የሚከፍቱ ሰው ናቸው። ነገሩን አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጽሑፍ አስረድተውታል። ሕንድ ሳሉ ጓደኛቸው ጆሴፍ ስቲግሊትዝ ትተውት የሄዱትን አንድ ሳጥን ልብስ ወደ አሜሪካ መላክ ነበረባቸው። ለመላክ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ በየማለዳው «ነገ» እያሉ ከስምንት ወር በላይ አሳደሩት። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት የተጋሩ ምሁራን መሆናቸውን ልብ ይሏል። የዛሬው ድካም ፊት ለፊት ይታያል፤ የአንድ ቀን መዘግየት ኪሳራ ግን ከቁጥር የማይገባ ኢምንት ይመስላል። ኢምንቱ ሲደመር ነው ጨረታ የሚያሳልፈው። (ይህን ጽሑፍ ለማክሰኞ ቃል ገብቼ ሐሙስ ማታ ማስረከቤን አዘጋጁ ያውቃል።)

«ጊዜው ይራዘምልን» የሚለው ጥያቄ አይዋጥልኝም። ወደ ጥር ቢገፋ ግርግሩም አብሮ ይገፋል። ይልቅስ በሐምሌና በነሐሴ ለሚያድስ ከክፍያው ጥቂት ቢቀነስለት የተሻለ ነበር፤ ነጋዴ ቅናሽ ያውቃል። እስከዚያው ግን ነጋዴው ራሱ ምልክት የሚያደርግበትን ቀን ይለውጥ። እድሳቱ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ጊዜ የሚበላው ክሊራንሱና ከኋላው የሚመጣው ያልታሰበ ጉድለት ነው። የሂሳብ መዝገብ የሚይዘው የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ግብሩን ማሳወቁ አይቀርም። ክሊራንሱን በዚያው ሰሞን ቢጠይቅ፣ ጉድለት ቢገኝበት እንኳ ለማስተካከል ሁለት ወር ይተርፈዋል።

የሰሚቱ ነጋዴ በተከታዩ ዓመት ፈቃዳቸውን በኅዳር አድሰዋል። የመኪናቸውን ቦሎ ስጠይቃቸው ግን ሳቅ ብለው «እሱን እንኳ ነገ ነው የምሄድበት» አሉኝ።